ፕራይሜትን ፕራይሜት የሚያሰኘው ምንድን ነው? ለአንዲት የሳይንስ መምህርት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የመለስተኛ ደረጃ ሳይንስ አስተምራለሁ። ፕራይሜቶች (እነ ጦጣ፣ ቺምፓንዚና ሰው) እጃቸው የሚጨብጥ፣ ዓይናቸው ወደ ፊት የሚያይ፣ አንጎላቸው ትልቅ የሆነ አጥቢ እንስሳት ናቸው ብዬ አስተማርኩ። አንዱ ተማሪ ተነሳና ‹ኮአላም ይጨብጣል፣ የድመትም ዓይን ወደ ፊት ነው፣ ዶልፊንም አንጎሉ ትልቅ ነው፤ ታዲያ እነሱ ለምን ፕራይሜት አልተባሉም?› አለኝ። ምን ልበለው? ፕራይሜትን ከሌሎቹ አጥቢዎች የሚለየው አንድ ነገር አለ? ደግሞስ ጦጣንና ቺምፓንዚን የሚለያቸው ጭራ ብቻ ነው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ተማሪሽን ጎበዝ በይልኝ። አጭሩን መልስ ላስቀድም፦ የለም። ሁሉም ፕራይሜት ያለው፣ ሌላ አጥቢ ግን የሌለው፣ ከውጭ አይተሽ «ይኸው!» የምትዪው አንድ ምልክት የለም። አንድ እንስሳ ፕራይሜት የሚባለው ከሌሎቹ ፕራይሜቶች ጋር ከአንድ የጋራ ቅድመ አያት ስለወረደ ነው። እጁ፣ ዓይኑ፣ ጥርሱ ለዚያ ዝምድና ማስረጃ ሆነው ይቀርባሉ። የአጎትሽ ልጅ ምንም ባይመስልሽ ዘመድሽ ነው፤ መንገድ ላይ ቁርጥ አንቺን የምትመስል ሴት ብታጋጥምሽ ደግሞ መመሳሰላችሁ ብቻውን እህትማማች አያደርጋችሁም። ዛሬ የእንስሳት ምደባ የሚሠራው በዚህ ሐሳብ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኒየስ በ1758 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፕራይሜት የሚለውን ምድብ ሲያወጣ ምልክት ቆጥሮ ነው። ከላይ አራት ትይዩ የፊት ጥርሶች፣ ደረት ላይ ሁለት ጡቶች። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚህ መስፈርት ሰው ገባ፣ ጦጣዎች ገቡ፣ ሌመሮች (የማዳጋስካር ፕራይሜቶች) ገቡ፣ የሌሊት ወፍም ገባች! ጡቷ ደረቷ ላይ ነዋ። ከዚያ በፊት በ1735 ባወጣው ምደባ ደግሞ ሰውንና ጦጣን ስሎዝ ከሚባለው ዘገምተኛ የዛፍ እንስሳ ጋር ነበር ያስቀመጣቸው። ሊኒየስ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ምልክት ብቻ ከቆጠርሽ እንዲህ ያለ ቦታ መድረስሽ አይቀርም።

የሌሊት ወፏ ነገር በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በ1986 ጆን ፔቲግሪው የተባለ የአንጎል ተመራማሪ ትልልቆቹ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች የፕራይሜት የቅርብ ዘመድ ናቸው ብሎ ተነሳ። ማስረጃው እንደ ዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት ነርቮች አዘረጋጋቸው የፕራይሜትን ዓይነት ነው፣ ይህን የመሰለ የተወሳሰበ ነገር ሁለት ጊዜ ራሱን ችሎ አይፈጠርም ነበር ክርክሩ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ዲኤንኤ ሲመጣ ግን ነገሩ አለቀ፦ የሌሊት ወፎች ትልቅም ይሁኑ ትንሽ እርስ በርሳቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ ከፕራይሜት ይልቅ ለድመት፣ ለፈረስና ለዓሣ ነባሪ ይቀርባሉ። ያ የነርቭ አዘረጋግ ሁለት ጊዜ ተፈጥሮ ነበር ማለት ነው። ለተማሪዎችሽ ብትነግሪያቸው የሚወዱት ታሪክ ይመስለኛል።

ከሊኒየስ በኋላ ፕራይሜትን በምልክት ዝርዝር ለመለየት ሌሎችም ሞክረዋል። በጣም የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሴንት ጆርጅ ሚቫርት በ1873 ያወጣው ዝርዝር ነው፦ ዓይኑ በአጥንት የተከበበ፣ ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ያለው፣ ሦስት ዓይነት ጥርስ ያለው (ቢያንስ በአንድ የዕድሜው ጊዜ)፣ በእጁ ወይም በእግሩ ያለው አውራ ጣት ከሌሎቹ ጋር ተገጣጥሞ የሚጨብጥ፣ የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ጠፍጣፋ የሆነ፣ ጡቶቹ ደረት ላይ ያሉ፣ ሌላም ሌላም። ጥሩ ዝርዝር ነው፤ ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ሳያውቁት ዛሬም የሚገለብጡት እሱን ነው። ግን አንድ በአንድ ብታዪው ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ ነጥብ ሌላ አጥቢ ላይም ይገኛል። ዓይን ዙሪያ ያለው የአጥንት ቀለበት? ፈረስም ላምም አላቸው። የትከሻው አጥንት? አይጥም የሌሊት ወፍም አላቸው። ሚቫርት ራሱ የተማመነው በጥቅሉ እንጂ በነጠላ ነጥቦች አልነበረም።

ከዚያ ደግሞ አይ-አይ የምትባለው የማዳጋስካር ሌመር አለች። ዝርዝር የሚወድ ሰው ራስ ምታት ናት። የፊት ጥርሶቿ እንደ አይጥ ዕድሜ ልክ ያድጋሉ። አድጋ ክራንቻ የላትም፣ በአጠቃላይ 18 ጥርስ ብቻ ነው ያላት። ከእግሯ አውራ ጣት በቀር ጣቶቿ ሁሉ ሹል ጥፍር አላቸው። ጡቶቿ ደረት ላይ ሳይሆኑ ወደ ብሽሽት ወርደው ነው የሚገኙት። የመሃል ጣቷ ቀጭን ሽቦ ይመስላል፤ በሱ እንጨት እያንኳኳች ውስጡ ያለውን ትል ታዳምጣለች፣ ቀድዳም ታወጣለች። መጀመሪያ ስም ሲወጣላት በ1788 ከስኩዊረሎች (ዛፍ ላይ ከሚዘሉት የአይጥ ዘመዶች) ጋር ነው የተመደበችው፤ እውነቱን ለመናገር ማንም ሰው ቢሆን እንደዚያ ያደርግ ነበር። ዛሬ ግን ሌመር መሆኗን የሚጠራጠር የለም። ጥርሷ የተለወጠው እንጨት እየፋቀች ስለምትኖር ነው፤ አጽሟም ዲኤንኤዋም የሚመሰክሩት ግን ሌመርነቷን ነው።

ወደ ተማሪሽ ሦስት ነጥቦች እንምጣ።

ኮአላ በእርግጥ ይጨብጣል። ከአምስት የእጅ ጣቶቹ ሁለቱ ከሦስቱ ጋር ይገጣጠማሉ፤ የጣት አሻራውም ከሰው ጋር የሚያምታታ ነው። ግን ኮአላ ልጁን በኪስ የሚያሳድግ አጥቢ ነው፤ እንደ ካንጋሮ። የሱ መስመርና የኛ መስመር የተለያዩት ፕራይሜት የሚባል ነገር ገና ሳይታሰብ ነው። ሁለቱም ዛፍ ላይ ስለሚኖሩ ለአንድ ችግር ተቀራራቢ መፍትሔ አገኙ። በተቃራኒው ደግሞ ጉሬዛን እዪ፤ ፕራይሜት መሆኑ የማያከራክር፣ ግን የእጁ አውራ ጣት ጠፍቶ ጉጥ ብቻ ቀርቶታል። የደቡብ አሜሪካው ስፓይደር ጦጣም እንደዚያው ነው። በአራት ጣት እንደ መንጠቆ እየተንጠለጠሉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወረወሩ አውራ ጣት እንቅፋት ከመሆን በቀር የሚሠራው ነገር የለም። የሚጨብጥ እጅን መስፈርት ካደረግሽው ኮአላን አስገብተሽ ጉሬዛን ታስወጫለሽ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ይሳሳታልና። የፕራይሜት እጅ በአብዛኛው አሮጌ ነው። የጥንቶቹ አጥቢዎች አምስት ጣት ነበራቸው። ፈረስ ከአምስቱ አንዱን ብቻ ይዞ ቀረ፣ ላም በሁለት ትቆማለች፣ ዓሣ ነባሪ መቅዘፊያ አደረገው፤ እኛ ግን አምስቱንም ይዘናል። መዳፍሽን ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች አዙሪው። እንዲህ መዞር የሚችለው ከክርን በታች ያሉት ሁለት አጥንቶች ሳይጣበቁ ስለቀሩ ነው፤ በፈረስ ተጣብቀዋል። ስለዚህ «የረቀቀ» የምንለው እጅ ያለ ብዙ ለውጥ የቆየ እጅ ነው። አዲስ የተጨመረው ጥቂት ነው፦ በሹል ጥፍር ፋንታ ጠፍጣፋ ጥፍር፣ የጣት ጫፍ ላይ ስሜት የሞላበት ለስላሳ ሥጋ፣ እና በተለይ የሚጨብጥ የእግር አውራ ጣት። ይህ የመጨረሻው ከእጁም ይልቅ አስተማማኝ ምልክት ነው፤ በሕይወት ካሉት ፕራይሜቶች ሁሉ የእግር አውራ ጣቱ መጨበጥ ያቆመው ሰው ነው። የሚያስቅ ነው አይደል? ራሳችንን ምሳሌ አድርገን ዝርዝሩን ጻፍነው፣ ዝርዝሩን የምናፈርሰውም እኛው።

ዓይን። የፕራይሜት ሁለት ዓይኖች ወደ ፊት ዞረው የሚያዩት መስክ በሰፊው ይደራረባል፤ ርቀትን መለካት የሚያስችለው ይህ ነው። ድሮ የሚሰጠው ማብራሪያ «ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ለመዝለል ርቀት መገመት ያስፈልጋል» የሚል ነበር። ማት ካርትሚል የተባለ ተመራማሪ በ1974 ይህን አፈረሰው። ስኩዊረል ዓይኖቿ ወደ ጎን ሆነው ሳለ ዛፍ ላይ እንደ ልቧ ትዘላለች፤ ወደ ፊት የሚያዩት ድመትና ጉጉት ደግሞ የሚታወቁት በአዳኝነት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ፕራይሜቶች በቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ በሌሊት ነፍሳት እያደኑ ነው እንዲህ የሆኑት አለ። ሮበርት ሰስማን የተባለ ሌላ ተመራማሪ ደግሞ በኋላ፣ የለም፣ ነገሩ የአበባና የፍሬ ዛፎች መስፋፋት ነው፣ ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለውን ፍሬ ለመልቀም ነው ሲል ተከራከረ። ከዚያ በ2002 ዋዮሚንግ ውስጥ የተገኘ ካርፖሌስቴስ የሚባል የ56 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቅሪተ አካል ይፋ ሆነ፤ የእግር አውራ ጣቱ ጠፍጣፋ ጥፍር ያለውና የሚጨብጥ፣ ዓይኖቹ ግን ወደ ጎን። መጨበጡ ቀድሞ፣ ዓይኑ ተከትሎ የመጣ ይመስላል። ለኔ ይህ ፍሬ ለቀማውን ወገን ትንሽ ይረዳል፤ ግን ክርክሩ ተዘግቷል አልልሽም።

አንጎል ላይ አልቆይም። ፕራይሜቶች ከሰውነታቸው አንጻር ትልቅ አንጎል አላቸው፤ ዶልፊንም አለው። እኔ ብሆን ክፍል ውስጥ ከአንጎል ይልቅ ስለ ዕድገት ፍጥነት ነው የማወራው። አይጥ መሰሏን ማውስ ሌመር ውሰጂ፦ 60 ግራም ገደማ ነች፣ ግን 60 ቀን ያህል ታረግዛለች። ተራ የቤት አይጥ በ20 ቀን ትወልዳለች። አይጧ በሁለት ሦስት ዓመት ስታልቅ፣ ማውስ ሌመር በእንክብካቤ ከ10 ዓመት በላይ ትኖራለች። ኦራንጉታን ከአንድ ወሊድ እስከ ቀጣዩ ሰባት ስምንት ዓመት ይቆያል። ጥቂት መውለድ፣ ቀስ ብሎ ማደግ፣ ረጅም መኖር፤ 30 ግራም ገደማ ከሆነው ከትንሹ እስከ 200 ኪሎው ወንድ ጎሪላ ድረስ ፕራይሜቶችን የሚያመሳስላቸው ይህ የኑሮ ዘይቤ ነው።

ከውጭ የሚታይ አንድ ምልክት የለም ያልኩሽ በምክንያት ነው። ከውስጥ ለአንድ ምልክት የሚቀርብ ነገር አለ። የራስ ቅል ሥር፣ ከመሃል ጆሮ በታች፣ ትንሽ ጉልላት የምትመስል አጥንት አለች። በሌሎች አጥቢዎች ይህች ጉልላት ከሌሎች አጥንቶች ትሠራለች፤ በፕራይሜት ግን የውስጥ ጆሮን ከሚይዘው ድንጋይ መሰል አጥንት ነው የምታድገው። ቅሪተ አካል የሚያጠኑ ሰዎች በጣም የሚመኩባት ናት። ችግሯ፣ እንስሳው ካደገ በኋላ አጥንቶቹ ስለሚዋሃዱ ከየትኛው እንደመጣች መለየት ከባድ ነው፤ ጽንስ ወይም ጨቅላ ማየት ይፈልጋል። ለክፍል አትሆንም።

ጎረቤቶቻችንንም እናንሳ። ትሪሽሩ የሚባሉት የእስያ ትንንሽ እንስሳት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በብዙ መጻሕፍት ፕራይሜት ተብለው ተመዝግበው ነበር። በኋላ የሚመስሉን በጥንታዊ አጥቢነታቸው እንጂ በልዩ ዝምድና አለመሆኑ ሲታይ ወጡ፤ አሁን የራሳቸው ምድብ አላቸው። በዲኤንኤ ለፕራይሜት በጣም የቀረበው ኮሉጎ ነው፤ ከአንገቱ እስከ ጭራው በተዘረጋ ቆዳ ከዛፍ ዛፍ የሚንሳፈፍ የደቡብ ምሥራቅ እስያ እንስሳ። ከዚያ ቀጥሎ እነ አይጥና ጥንቸል። አዎ፣ አይጥ ከድመትና ከውሻ ይልቅ ለኛ ትቀርባለች።

ፕራይሜቶች ራሳቸው ከ500 በላይ ዝርያ ናቸው፤ በሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች ይከፈላሉ። አንደኛው ሌመሮችን፣ እንዲሁም ሎሪስና ጋላጎ የሚባሉትን ትንንሽ የሌሊት እንስሳት ይይዛል። አፍንጫቸው እንደ ውሻ እርጥብ ነው፣ ብዙዎቹ ዓይናቸው በሌሊት መብራት ሲያገኘው ያበራል፣ ከአይ-አይ በቀር የታችኛው የፊት ጥርሳቸው እንደ ማበጠሪያ ተደርድሯል፣ የእግራቸው ሁለተኛ ጣት ለማከኪያ የሚሆን ሹል ጥፍር ይዟል። ሁለተኛው ደረቅ አፍንጫ ያላቸው ናቸው፦ ታርሲየሮች፣ ጦጣዎችና ኤፖች (እነ ቺምፓንዚና ጎሪላ፣ ሰውም ጭምር)።

ታርሲየር ብዙ ያጨቃጨቀ ፍጡር ነው። መዳፍ የምታክል፣ አንዱ ዓይኗ ብቻ አንጎሏን የሚያህል የሌሊት አዳኝ ናት። ስለምትመስላቸው ድሮ ከሌመሮች ጋር ትመደብ ነበር። ግን የሌሊት እንስሳ ሆና ሳለ ዓይኗ አያበራም፣ አፍንጫዋም ደረቅ ነው። ከሁሉ የሚደንቀኝ ቫይታሚን ሲ ነው። ሌመር እንደ አብዛኞቹ አጥቢዎች ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ ይሠራል። ታርሲየር፣ ጦጣ፣ ቺምፓንዚና ሰው ግን አይችሉም፤ የሚሠራው ጂን ከረጅም ጊዜ በፊት ተበላሽቶ ብልሽቱን ሁላችንም ወረስን። ጊኒ ፒግም እንደኛ አይሠራም፣ ግን የሱ ጂን የተበላሸው ለብቻው፣ በሌላ መንገድ ነው። ተማሪዎችሽ ዝምድናንና መመሳሰልን እንዲለዩ ከፈለግሽ ከእጅና ከዓይን ይልቅ ይህ ይሻላል።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄሽ። (ጦጣ ስል ዝንጀሮን፣ ጭላዳንና ጉሬዛንም ይዤ ነው።) ጭራ ጥሩ ጥቆማ ነው፣ ብቻውን ግን ያሳስትሻል። የሰሜን አፍሪካው ባርበሪ ማካክ የረባ ጭራ የለውም፣ ሆኖም ሙሉ በሙሉ ጦጣ ነው። ኤፖችን፣ ማለትም ጊበንን፣ ኦራንጉታንን፣ ጎሪላን፣ ቺምፓንዚን፣ ቦኖቦንና ሰውን የሚለያቸው ይበልጥ ደረታቸውና ትከሻቸው ነው። የጦጣ ደረት እንደ ውሻ ከጎን ጠበብ ያለ፣ ወደ ታች የጠለቀ ነው፤ በአራት እግሩ በቅርንጫፍ ላይ ይሮጣል። የኤፕ ደረት ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ የትከሻው ሰሌዳ አጥንት ወደ ጀርባ ሄዷል፣ ክንዱ በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። ልጆቹ ስፖርት ሜዳ ላይ ከብረት ሲንጠለጠሉ የሚጠቀሙበት ይኸው የኤፕ ትከሻ ነው። መንጋጋ ጥርስም ይለያል፦ የአፍሪካና የእስያ ጦጣዎች መንጋጋ ጥርስ ላይ ሁለት ተሻጋሪ ሸንተረሮች አሉ፤ የኤፕና የሰው የታችኛው መንጋጋ ጥርስ አምስት ጉብታ አለው።

ጭራው እንዴት ጠፋ ለሚለው በ2024 የወጣ ጥናት ደስ የሚል መልስ ሰጥቷል። ከ25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ከጭራ ማደግ ጋር የተያያዘ ቲቢኤክስቲ የሚባል ጂን ውስጥ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ገባች። ሁሉም ኤፖች አሏት፣ ጦጣዎች የላቸውም። ተመራማሪዎቹ የዚህን ጂን ለውጥ አይጥ ላይ ሲሞክሩት አንዳንዶቹ ጭራቸው አጭር ሆኖ፣ አንዳንዶቹ ያለ ጭራ ተወለዱ። ባርበሪ ማካክ ጭራውን ያጣው በራሱ መንገድ ነው።

የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ጦጣዎችን ደግሞ ጥርስ በመቁጠር መለየት ይቻላል፦ የአፍሪካና የእስያዎቹ እንደ ሰው 32፣ የአሜሪካዎቹ አብዛኞቹ 36። ማርሞሴት የሚባሉት ትንንሾቹ ግን የመጨረሻውን መንጋጋ ጥርስ ስለጣሉ እነሱም 32 ናቸው፤ ስለዚህ ስትቆጥሪ የትኛው ጥርስ እንደጎደለ አብረሽ እዪ። በጭራ የሚንጠለጠሉትም የአሜሪካዎቹ ብቻ ናቸው፣ ያም ጥቂቶቹ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ብዙ የድሮ ሥዕሎች ኦራንጉታንን፣ ጎሪላንና ቺምፓንዚን በአንድ ቤተሰብ አስረው ሰውን ለብቻው ያስቀምጣሉ። ይህ ዛሬ አይሠራም። ለቺምፓንዚ ከጎሪላ ይልቅ ሰው ይቀርበዋል። ሰሌዳ ላይ ስትስዪ ከጦጣዎች መስመር የኤፖችን አውጪ፤ ከዚያ መጀመሪያ ጊበን ይገንጠል፣ ቀጥሎ ኦራንጉታን፣ ቀጥሎ ጎሪላ፣ ከዚያ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሰው በአንድ በኩል፣ ቺምፓንዚና ቦኖቦ በሌላ በኩል ይለያዩ። ቀስቱን ከቺምፓንዚ ወደ ሰው እንዳትስዪው፤ ሁለቱም ከመስቀለኛው ነጥብ ነው የሚወጡት፣ እዚያ ነጥብ ላይ የነበረው እንስሳ ደግሞ ሰውም ቺምፓንዚም አልነበረም።